የአውሮፕላን ጥርስ

ዴልሚ ናሙሮ የአውሮፕላን ካንዴላ ስታጸዳ ያየ ሰው፣ ለዚህች ሴት የሚያቅታት ነገር የለም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም ነበር። ካንዴላዎቹን ከሞተሩ እየፈታች፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው የእንጨት ገበታዋ ላይ እያንዳንዱን እንደ ሲሊንደሩ ተራ ታሰልፋለች፤ የላዮቹን በላይኛው ረድፍ፣ የታቾቹን በታችኛው። በማጠቢያ ፈሳሽ ካጠበቻቸው በኋላ፣ ከነዳጁ ወጥቶ በነጩ ሸክላ ዙሪያ የተጋገረውን የእርሳስ ፍርፋሪ በቀጭን መንቆሪያ ትለቅማለች፤ ከዚያም በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ትመረምራቸዋለች። ከእጅ አምልጦ ሲሚንቶ የነካ ካንዴላ፣ አንዲት ጭረት ባይታይበት እንኳ፣ ዳግመኛ ሞተር አይገባም፤ ውስጥ ውስጡን አለመሰንጠቁን ማን ያውቃል። ይህ የሃንጋሩ፣ የአውሮፕላን መጠገኛው አዳራሽ፣ ሕግ ነበር። ዴልሚም በዚህ ሕግ ማንንም አትምርም፤ ራሷንም ጭምር።

አንድ ነገር ብቻ አይሆንላትም። የዕቃውን ስም መጥራት።

በተራሮች መካከል ባለችው ከተማችን በጎሮካና በዙሪያዋ ካንዴላ የሚጠራው «ፕላክ» ተብሎ ነው። የባሏም አባት ስም ፕላክ ነው። በባሏ መንደር ደግሞ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ስሙን ቀርቶ ስሙን የሚመስለውን ድምፅ ከአፏ አታወጣም። ያወጣች እንደሆነ የአማትየው ጥርስ ይረግፋል ይባላል። ሽማግሌው ፕላክ በዚያ ዘመን የቀሩት ጥርሶች አራት ሲሆኑ፣ አራቱም የምራቱ ጨዋነት ምስክሮች መሆናቸውን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያሳይ ነበር።

ሰው በሞተር ዕቃ ስም መጠራቱ በእኛ ዘንድ ማንንም አያስገርምም። ከተራራው ጀርባ ባለው በሽማግሌው መንደር የመጀመሪያው አውሮፕላን ሣሩ ላይ ሲያርፍ፣ ነጩ አብራሪ መሰላል አቁሞ የሞተሩን ክዳን ከፈተ። ከሆዱም የሚያብረቀርቁ ትናንሽ ብረቶች እየፈታ፣ እየጠረገ፣ ወደ ፀሐይ እያነሣ ካየ በኋላ መልሶ አሰራቸው። በአንደኛው ቦታ ግን ከሳጥኑ አዲስ አውጥቶ ተካና አሮጌው በእጁ ቀረ። የሽማግሌው አባት፣ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ኋላ ሲሸሽ ብቻውን ወደ ፊት የተጠጋ ሰው ነበርና፣ እጁን ዘረጋ፤ አብራሪውም ሰጠው። ቤተሰቡ ሲተርክ፣ እንግዳው ሰው በፍቅር ተነሣሥቶ ከአውሮፕላኑ ልብ ውስጥ የተሻለውን መርጦ ነው የሰጠው። አባትየው ብረቱን በክር አድርጎ ከደረቱ አንጠለጠለው፤ በዚያው ሰሞን የተወለደለትንም ወንድ ልጅ ፕላክ አለው። አባት ሲሞት ብረቱ ወደ ልጁ ተላለፈ። ልጁም ስሙን በአፍ፣ ትርጉሙን በአንገት ይዞ አረጀ።

ዴልሚ ይህን ቤተሰብ ከመቀላቀሏ በፊት፣ ላኤ ከተማ ሙያውን ስትማር፣ ያንን ቃል በቀን መቶ ጊዜ ብትጠራው የሚከለክላት አልነበረም። መምህር ሳካሪን ባገባች ማግስት ሥራ ስትገባ ግን አፏ ተዘጋ። የሃንጋሩ አለቃ ክላይቭ የሚባል አውስትራሊያዊ ነበር፤ በአገራችን ላይ ጸጉሩን የጨረሰ፣ ከሞተር በቀር ሌላ ነገር የማያናድደው ሰው።

«ምን አጣሽ አንቺ ልጅ?» አላት፣ መደርደሪያው ፊት ለፊት ተገትራ ቢያያት።

«ያንን።»

«የቱን?»

«እሳት የሚተፋውን። ድድ ላይ እንደሚበቅለው ሲሊንደሩ ላይ የበቀለውን።»

«በሲሊንደር ላይ ምን ይበቅላል?»

ዴልሚ ጥቂት አሰበችና፣ «ጥርስ» አለች። «የታች ጥርስ ስጠኝ።»

እንዲህ ሆኖ ስሙ ወጣ። በወሩ ሃንጋሩ በሙሉ ጥርስ ይል ጀመር፤ ዓመት ሳይሞላም አብራሪዎቹ ተከተሉ። እኔ በዚያ ጊዜ በሃንጋሩ በር ላይ ተሳፋሪና ጭነት እመዝን ነበርና፣ ከሚዛኔ አጠገብ የሚያልፍ እንግዳ «ዛሬ የሴስናዋን ጥርስ እናወልቃለን» የሚል ወሬ ሰምቶ በድንጋጤ ሲመለከተኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኜ ኪሎውን እነግረው ነበር።

ነገሩ በሳቅ ብቻ ሊዘልቅ ይችል ነበር፤ ሬዲዮኑ ባይኖር። በተራሮቹ ውስጥ ያሉት ማረፊያዎችና ጤና ጣቢያዎች ከእኛ ጋር በአንድ ሞገድ ይነጋገራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል። አንድ ቀን ኢምፓ የተባለው አብራሪያችን ከሩቅ ማረፊያ በሬዲዮ ጠራ። ሞተሩ ሲነሣ እንደ አሳማ ያጉረመርማል። ክላይቭ በዕለቱ ላኤ ወርዷል።

«እህቴ፣ ነዳጁን ቀንሼ ሞተሩን በኃይል አስጮኽኩት፤ አልጠራም» አለ።

«እንግዲያው ሦስተኛው የታች ጥርስ ነው» አለች ዴልሚ። «ሁልጊዜ እሱ ነው የሚቆሽሸው። አውልቀው። በቀጭን ሽቦ ጠርገው፤ ብቻ እንዳይወድቅብህ። መዳቡን ቀለበት ቀይረህ መልሰህ ትከለው።»

«ፒንሳ ብቻ ነው የያዝኩት።»

«በፒንሳማ አትንካው፤ ትሰብረዋለህ። ተሳፋሪ ላክና ከመንደሩ ትክክለኛ መሣሪያ ያምጣልህ።»

ከማረፊያው በላይ ባለው ጤና ጣቢያ፣ በሥራው እጅግ የሚተጋ አንድ የጤና ረዳት ሬዲዮኑን ከፍቶ ያዳምጥ ነበር። አብራሪ በፒንሳ የገዛ ጥርሱን ሊነቅል መሆኑን ሲሰማ፣ ማደንዘዣውንና መንቀያውን ይዞ ቁልቁለቱን ሮጦ ወረደ።

«ተቀመጥ» አለው ኢምፓን።

«ምን ሆኜ?»

«ሁሉን ሰምቻለሁ። የታችኛው ሦስተኛ ነው። አፍህን ክፈት።»

«እኔ ደህና ነኝ፤ የታመመው ሞተሩ ነው።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት» አለ የጤና ረዳቱ፣ ለተሳፋሪዎቹ በዓይኑ ምልክት እየሰጠ። ሁለት ጠንካራ ሰዎች ኢምፓን በትከሻው ያዙት። «የነቀሉትን ጥርስ ቀለበት ቀይሮ መልሶ መትከል የሚባል ሕክምና ግን እኔ አልተማርኩም። ያቺን ሴት ማን አስተማራት?»

ኢምፓ በስንት ልመና ጥርሱን አድኖ፣ ካንዴላውን አጽድቶ ጎሮካ ሲገባ፣ ግራ ጉንጩ በማደንዘዣ ተነፍቶ ነበር። ሃንጋሩ ውስጥ እንደ ልቡ ሊሳደብ ሞከረ፤ ከንፈሩ አልታዘዘውም።

ክላይቭ ከላኤ ሲመለስ ታሪኩን ሰምቶ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ግን ዴልሚን ለብቻዋ ጠራት። በዓመቱ መጨረሻ አገሩ ሊገባ ወስኗል። ከአውሮፕላን ጥገና በኋላ «ይህ ሞተር መብረር ይችላል» ብሎ መፈረም የሚችለው ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ በሃንጋሩ ደግሞ ፈቃዱ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ዴልሚ የጽሑፉን ፈተና ሁሉ አልፋ የቀራት መርማሪ ፊት ቀርቦ በቃል መመለስ ነው።

«ካለፍሽ ሃንጋሩ ያንቺ ነው» አላት። «ካላለፍሽ ፈራሚ ከላኤ ይመላለሳል፤ ጭጋግ በከለከለው ቀን ሁሉ አውሮፕላኖቹ ይቆማሉ፤ አንቺም ዕድሜ ልክሽን የሌላ ሰው እጅ ትጠብቂያለሽ። ለመርማሪ ጥርስ ብለሽ አታልፊም። ሄደሽ ሽማግሌውን ለምኚው።»

«ምን ብዬ? አባቱ ያወጣለትን ስም እንዲጥል?»

«እኔ አማት ኖሮኝ አያውቅም» አለ ክላይቭ። «እኔን አትጠይቂኝ።»

ባሏን ጠየቀች። ሳካሪ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን የአባቱን አራት ጥርሶች ሲያስብ ድፍረቱ ከዳው። «ስሙን ራሱ ካልለወጠ በቀር ሌላ መውጫ የለም» አላት። «ያ ብረት ከአንገቱ ሳይወርድ ደግሞ ስሙም አይወርድም።»

የፈተናው ቀን ደረሰ። መርማሪው ሚስተር ቶካፓ ከራባውል ከተማ የመጡ፣ ሸሚዛቸው እንደ ወረቀት የተተኮሰ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። በዚያው ጠዋት ደግሞ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ሽማግሌው ፕላክ በመጀመሪያው በረራ ከመንደሩ ከች አለ። ምራቱ ስታሸንፍ በዓይኑ ሊያይ ነው የመጣው። ለእሷም በገመድ ከረጢት ስኳር ድንች ይዟል። በሃንጋሩ በር የነዳጅ በርሜል ላይ ተቀምጦ፣ ያን አሮጌ ካንዴላ ደረቱ ላይ አመቻችቶ፣ ቡአይ የሚባለውን ምራቅ የሚያቀላ ፍሬ በአራት ጥርሱ ማድቀቅ ጀመረ።

ዴልሚ ባየችው ጊዜ እጇ ላይ የነበረው መፍቻ ቆመ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ የጨነቃት እንደሆነ ቃሉን በሹክሹክታ እልና ይለፍልኝ ብላ ሳታስብ አልቀረችም። አሁን ጥርሶቹ ራሳቸው ተሰልፈው ከፊቷ ተቀምጠዋል።

ፈተናው በሴስናዋ አውሮፕላን ሞተር ላይ ተጀመረ። ዴልሚ ፈታች፣ አሰለፈች፣ አጠበች፣ ክፍተቱን በሽቦ መለኪያ ለካች። ሚስተር ቶካፓ እያንዳንዱን እርምጃ እየተከተሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ሲመለሱ ወደ ነበሩበት ነው የሚገቡት?»

«አይደለም ጌታዬ። የላዩ ወደ ታች፣ የታቹ ወደ ላይ ይዛወራል፤ እኩል እንዲያረጁ።»

«ለእኔም እንዲህ ቢደረግልኝ» አለ ሽማግሌው ከበርሜሉ ላይ። «የላይኞቹ አለቁብኝ።»

«ቅባቱንስ እንዴት ይቀቡታል?» አሉ መርማሪው።

«ከጫፉ ሁለት ጥርስ ትቼ ጥርሱን እቀባለሁ።»

ሚስተር ቶካፓ ቀና አሉ። «የትኛውን ጥርስ ትተው የትኛውን ጥርስ ነው የሚቀቡት?»

ዴልሚ ጭንቅ ውስጥ ገባች። የብሎን ጥርስ ጥርስ ነው፤ ይህም ጥርስ ነው። «የጥርሱን ጥርስ» አለች በመጨረሻ።

ኢምፓ ከክንፉ ሥር ተንፈቅፍቆ ሳቀ፤ ክላይቭ በዓይኑ ገሠጸው። መርማሪው ብዕራቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ካንዴላውን ከገበታው አነሡ።

«ወይዘሮ ዴልሚ፣ የዚህ ዕቃ ስም ማነው?»

ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ፤ መርማሪውም ዓይኗን ተከትለው ሽማግሌውን፣ የሽማግሌውን ደረት፣ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ብረት አዩ። አገሩ አገራቸው ነውና ማንም ሳያስረዳቸው ገባቸው።

«አማትዎ ናቸው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«እኔም አማት አለኝ» አሉ ሚስተር ቶካፓ በለዘበ ድምፅ። «በተወለደበት የሳምንቱ ቀን ስም የተሰየመ ነው። ካገባሁ ጀምሮ ያንን ቀን የእሑድ ማግስት እያልኩ ነው የምኖረው። ስለዚህ ችግርዎን አልንቅም። የእሑድ ማግስት ግን ተሳፋሪ ጭኖ አይበርም። ነገ አብራሪ በሬዲዮ ቢጠይቅዎ፣ የሚሉትን ሰምቶ ሌላ ነገር ቢፈታስ?»

ኢምፓ ሳያውቀው ጉንጩን ዳሰሰ።

«እውነት ነው» አለች ዴልሚ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ከበርሜሉ ወረደ። ቀይ ምራቁን ከደጅ ተፍቶ፣ አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ፣ ወደ ሞተሩ ቀረበ። ከአንገቱ ማንም ሲያወርደው ያላየውን ክር በራሱ ላይ አሳልፎ ብረቱን ለመርማሪው ዘረጋ።

«ልጄ፣ አንተ ስም ትጠይቃለህ። ስምማ በቀቀንም ይጠራል። ዕቃውን ታውቀው እንደሆነ ጠይቃት። በዚህ ጠይቃት። ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ ነጩ ሰውዬ ለአባቴ መርጦ የሰጠው ነው።»

ሚስተር ቶካፓ ብረቱን ተቀብለው ጥቂት አሰቡና ለዴልሚ አሳለፉላት። «መልካም። ይህን ሞተር ውስጥ ያስገቡታል ወይ? መርምረው ይንገሩኝ።»

ዴልሚ ለዓመታት ከሩቅ ብቻ ያየችውን ብረት በእጇ ያዘች። ለአማት ደረት መጠጋት ነውር ነውና አንድ ቀን እንኳ በቅርብ አይታው አታውቅም። አጠበችው። የሁለት ትውልድ ላብና የአሳማ ስብ ለቀቀ። ከሥሩ ነጩ ሸክላ ብቅ አለ። ማጉያ መነጽሩን አነሣች፤ አሽከረከረችው፤ እንደገና አሽከረከረችው። ከዚያ እጇ ቆመ።

ከሸክላው አፍንጫ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። አብራሪው ያኔ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ያየው ይህንኑ ነው። ቤተሰቡ ሲኮራበት የኖረው ስጦታ የተጣለ ዕቃ ነው። አሁን መናገር ያለባት ደግሞ እሷ ናት፤ ለባለቤቱ፣ በሰው ፊት። «ይሆናል» ብትል ሽማግሌው ኮርቶ ይገባል፤ መርማሪው ግን ስንጥቁን አይተውት እንደሆነ ፈቃዱ ቀረ። ባያዩትስ? ባያዩትማ ከዚህ ቀን በኋላ የምትፈርመው ፊርማ ሁሉ ምን ዋጋ ይኖረዋል?

«ልጄ» አለ ሽማግሌው፣ «ምን አየሽ?»

«አባቴ፣ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር።»

«ለዚያማ ቤቴ እተኛ ነበር። ተናገሪ።»

«አላስገባውም» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «ተሰንጥቋል። እሳቱ በስንጥቁ ሾልኮ ይጠፋል። ሞቷል አባቴ።»

«መቼ ሞተ?»

«እርስዎ ከመወለድዎ በፊት።»

ሽማግሌው ብረቱን ተቀብሎ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቀነ፤ ገልብጦ ስለያዘው ክላይቭ አቃናለት። ረጅም ጊዜ አየ።

«ስለዚህ አባቴን ሸውዶታል» አለ።

«እጁን ሲዘረጋ ምን ያድርግ?» አለ ክላይቭ። «እኔም ብሆን እሰጠው ነበር።»

ሽማግሌው ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰ ብለን ስንሳቀቅ፣ አራቱም ጥርሶቹ እስኪታዩ ድረስ ይስቅ ነበር። «ስድሳ ዓመት የሬሳ ስም ተሸክሜ!» አለ። «እኔ እኮ አሁንም አልሞትኩም። ልጄ፣ ይህን ስም ትቼዋለሁ። ጥሪው፣ ልስማ።»

«አባቴ፣ ጥርስዎ…»

«የኔ አይደለም ብያለሁ። ጥሪው።»

ዴልሚ ዓይኗን ጨፈነች። «ፕላክ» አለች።

ሁላችንም የሽማግሌውን አፍ አየን። እሱም በምላሱ አንድ በአንድ ዳሰሰ። «አሉ» አለ፤ ወደ በርሜሉም ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የዴልሚን አፍ የሚገታው አልነበረም። የላይ ፕላክ፣ የታች ፕላክ፣ የሞቀ ፕላክ፣ የቀዘቀዘ ፕላክ፤ መርማሪው ያልጠየቁትንም ሁሉ መለሰች። ሚስተር ቶካፓ ፈገግ እያሉ ብዕራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«የመጨረሻ ጥያቄ። ፕላኩ እሳቱን ከየት ያገኛል?»

«ከማግኔቶ» አለች ዴልሚ በኩራት። «ሁለት ናቸው፤ ግራና ቀኝ። ባትሪ ቢሞት ግድ የላቸውም። ሞተሩ እስከ ዞረ ድረስ እሳቱን ራሳቸው ይሠራሉ፤ ከማንም አይለምኑም።»

«ማን አልሽው ልጄ?» የሚል ድምፅ ከበርሜሉ ላይ መጣ።

«ማግኔቶ።»

«ማግኔቶ» አለ ሽማግሌው፣ ቃሉን እንደ ጥሩ ቡአይ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያመላለሰ። «ከማንም አይለምንም። ባትሪ ቢሞት ግድ የለውም። ይህማ እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ስሜ ይኸው ነው፤ ሰው ሁሉ ይስማ።»

ዴልሚ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ልትጀምር የከፈተችው አፍ እንደ ተከፈተ ቀረ፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ተዘጋ። ሚስተር ቶካፓ ሽማግሌውን አዩ፤ ክንፉን፣ ጎማውን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መሣሪያ ሁሉ በፍጥነት ቃኙ።

«ሌላ ጥያቄ የለኝም» አሉና፣ ሽማግሌው ሌላ የዕቃ ስም ሳይወድ ፈረሙ።

ማታ በሚመለሰው በረራ ሽማግሌውን ስመዝነው ከአመጣጡ ከብዶ አገኘሁት። ክላይቭ በሕግ የተወሰነለትን ሰዓት ጨርሶ ከሞተር የወረደ አንድ ማግኔቶ ሰጥቶት ነበርና፣ በገመድ ከረጢቱ አድርጎ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ከመቀበሉ በፊት ግን ለምራቱ አሳይቷት ነበር።

«ዛሬውኑ እውነቱን ንገሪኝ። ይህም ሞቷል?»

ዴልሚ በቃል ከመመለስ ማሳየቱ ይሻላል አለች። ሽቦውን አስያዘችውና ዘንጉን በጣቷ ጠመዘዘችው። ጠቅ ሲል ሽማግሌው ከመሬት አንድ ክንድ ዘለለ፤ ሲያርፍም እጁን እያራገበ፣ «ሕያው ነው» አለ።

ሃንጋሩ ዛሬ በዴልሚ ፊርማ ይሠራል። ካንዴላ ፕላክ ነው፤ የጤና ረዳቱም ቁልቁለት መሮጥ ትቷል። ሞተር ሲፈተሽ ግን፣ ዴልሚ የአማቷን አዲስ ስም አትጠራምና፣ አብራሪዎቻችን በሬዲዮ «ግራው አባባ ደህና ነው፤ ቀኙ አባባ ትንሽ ደከም ብሏል» ሲሉ ይሰማሉ። ሬዲዮ ከፍቶ የሚያዳምጥ እንግዳ ካለ፣ ስለ ሽማግሌዎቻችን እጅግ የምንጨነቅ ሕዝብ መሆናችንን ተረድቶ ይረካል።